የሚቆረጠው ፊልትሮ

ሐኪሞቹ የኔሪዮን ሆድ ከፍተው አዩ፤ ከዚያ ምንም ሳያወጡ መልሰው ሰፉት። ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እብጠቱ አልነበረም።

«ዘይቱ ተቀየረ?» አለኝ።

«የምን ዘይት?»

«የመኪናው ነዋ! ጊዜው አልፏል እኮ ኦማይራ።»

ባሌ እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ከሞተ ወዲህ ሰዎች አሟሟቱን ሲጠይቁኝ ስለ በሽታው ማውራት ይታክተኛል። በሽታው የማንም በሽታ ነው፤ በየቤቱ አለ። የእሱ የብቻው የሆነው የዘይት ፊልትሮው ነገር ነው። ስለዚህ የምጽፈው እሱን ነው።

ኔሪዮ ዕድሜውን የጨረሰው እዚሁ ማራካይቦ፣ ከገበያው እስከ ሎስ አቲኮስ ባለው መስመር ታክሲ ሲነዳ ነው። መኪናው አሮጌ አረንጓዴ ፎርድ ነው፤ እንደ ጀልባ ረጅም፣ ከሾፌሩ ጎን ሁለት ከኋላ ሦስት ሰው የሚጭን። በሮቹ ዝገዋል፤ የኋላው ወንበር ስፖንጁ ወጥቷል። ሞተሩ ግን ልብስ ስፌት መኪና ነበር የሚመስለው። ከመታመሙ በፊት ራሱ አውርዶ፣ ራሱ ፈትቶ አድሶታል። ብሮንዚኖቹን፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርባቸውን እነዚያን ስስ የብረት ቀለበቶች፣ አበልጃችን ኤውዶ ከኮሎምቢያ ድንበር ማዶ በካልሲው ውስጥ ደብቆ ነው ያመጣለት። ዘንጉ ግን ብዙ ጊዜ በቶርኖ ተልጦ መጨረሻው ልክ ላይ ደርሷል። ከዚህ በላይ ቢላጥ ልኩ የሚሆን ብሮንዚን የትም አይመረትም።

«ይሄ ሞተር ሁለተኛ አይከፈትም» ይል ነበር ኔሪዮ። «ንጹሕ ዘይት ካገኘ ግን ከእኔም ይተርፋል።»

ያኔ ለቀልድ ነበር የሚለው። ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ግን ቀልድነቱ ቀረ። ቤቱ የእናቱ ነው፣ ከወንድሞቹ ጋር ያልተካፈልነው። ልጃችን ቺሌ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ራሷን ከቻለች ይበቃናል። የቀረን ፎርዱ ብቻ ነው።

«ትነጂዋለሽ» አለኝ አንድ ቀን፣ በረንዳው ላይ በተሰቀለው መረብ አልጋ እንደተጋደመ።

«ማን? እኔ?»

«አይ፣ እኔ ተነስቼ ልንዳልሽ።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እኮ ከዳቦ ቤት አልፌ ነድቼ አላውቅም።»

«መስመሩም ያው ዳቦ ቤት ነው። ትንሽ ረዘም ይላል እንጂ።»

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆዱ ላይ ትራስ አቅፎ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር። ጉድጓድ በመታሁ ቁጥር ትራሱን ጠበቅ ያደርጋል። ተሳፋሪዎቹ አይምሩንም። «ምን ጉድ ነው ኔሪዮ፣ ሾፌሩ ተሳፋሪ፣ ተሳፋሪዋ ሾፌር ሆነች?» አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ። «እሱማ ተሹሟል» አልኳት፤ «አሁን አለቃ ነው፣ አይነዳም።» ኔሪዮ እንዳይስቅ ትራሱን ያዘ፤ ሲስቅ ስፌቱ ያመዋል።

ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ ተራ አያያዙን አስተማረኝ። ከሁሉም አጥብቆ ያስተማረኝ ግን ስለ ቀይዋ የዘይት መብራት ነው። «ሌላው ቢበላሽ እየጎተትሽም ቢሆን ትደርሻለሽ። እሷ በርታ ከቀረች ግን እንድትሞክሪ አልፈልግም፤ እዚያው አጥፊና በእግርሽ ነይ።»

ዘይቱን ኤውዶ ከየትም ከየትም ብሎ አገኘ። የቀረው ፊልትሮ ነው።

ፊልትሮ መምረጥ በዚያ ሰሞን እንዴት ያለ ጣጣ እንደነበር እዚህ ከተማ መኪና የነበረው ሁሉ ያውቃል። ያለቀለትን ፊልትሮ ከየጋራዡ ለቅመው፣ በቤንዚን አጥበው፣ ቀለም ቀብተው በአዲስ ሳጥን የሚያሽጉ ነበሩ። ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ የተጠቀለለ ካርቶን ወትፈው የሚዘጉም ነበሩ። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ያብረቀርቃል፤ ሁሉም ላይ ስም ታትሞበታል።

ኔሪዮ አሮጌ ፊልትሮ እጄ ላይ አስቀምጦ ያስጠናኝ ጀመር።

«በስሙ አትግዢ፤ ስም ማተም ቀላል ነው። መጀመሪያ የጎማውን ቀለበት በጥፍርሽ ጫን በይው፤ ተመልሶ ከተነሳ ሕይወት አለው። በሚጠመዘዝበት ጥርሱ ላይ ጣትሽን አዙሪ፤ ከቧጨረሽ ተይው። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙረሽ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እይ። ከሥር ሌላ ጎማ አለ፣ ታየሽ? እሱ ነው ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ተንሸራቶ እንዳይወርድ አፍኖ የሚይዘው። የእኛ ፊልትሮ በጎኑ ተጋድሞ ነው የሚታሰረው፤ ያ ጎማ ከሌለ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ በደረቁ ነው የሚነሳው። ከዚያ በእጅሽ መዝኚው። በመጨረሻ ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ነቅንቂው፤ ውስጡ የሚላወስ ነገር ከሰማሽ ወደ መጣበት።»

«ይሄን ሁሉ ካደረግኩ ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ?»

«አታውቂም» አለ። «ፊልትሮ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ሲቆረጥ ነው። ከተቆረጠ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» ከዚያ ሸሚዙን ገለብ አድርጎ ስፌቱን አሳየኝና «እኔን እይኝ» አለ።

ለዚህ ነው የመስመራችን ሾፌሮች ለየብቻ ፊልትሮ የማይገዙት። ማንም ቢሆን አንድ ፊልትሮ ገዝቶ ለማየት ብሎ አይቆርጥም። ስለዚህ ተሰብስበው መለዋወጫ ሻጯ ዶኛ ዲሊያ ሱቅ ይሄዱና አንድ ሙሉ ካርቶን በጋራ ያነሳሉ። አንዱ ፊልትሮ እዚያው ባንኮኒው ላይ በብረት መጋዝ ይቆረጣል። እሱን ሟቹ ይሉታል። ሟቹ ውስጡ ጥሩ ከሆነ የቀሩትን ይከፋፈላሉ፤ መጥፎ ከሆነ ካርቶኑ እንዳለ ይመለሳል። ዶኛ ዲሊያም ለዚህ ተስማምታለች።

ሟቹን የሚመርጠው ከሁሉ የቆየው ሾፌር ነው፤ የሚመርጠውም ከካርቶኑ ውስጥ በእጁ የጣመውን፣ ከሁሉ የተሻለውን ነው። ምክንያታቸው ቀላል ነው። የተሻለው ተቆርጦ ውስጡ ቆሻሻ ከሆነ ስለ ሌላው ምን ይጠየቃል? ይሄ ልማድ የአንድ ካርቶን ፊልትሮዎች የአንድ እናት ልጆች በነበሩበት ዘመን የመጣ ነው። ያኔ አንዱን ማየት ሁሉንም ማየት ነበር።

ከሁሉ የቆየው ኔሪዮ ነበርና ካርቶን በሚነሳበት ቀን ደግፌ ሱቁ ድረስ ወሰድኩት። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ኤውዶ ገና ከሩቅ ሲያየው ጮኸ።

«እናንተ ሰዎች መንገድ ልቀቁ፣ ማንጠልጠያው መጣ! ሥጋውን የት ጣልከው ሰውዬው?»

«ለአንተ ቦርጭ አውሼው ነው» አለ ኔሪዮ።

«አበልጄ፣ ሞትም እኮ ተራ አስከባሪ አለው። አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ያለ ተራህ ትገባለህ።»

«ዘንድሮ ግን ከፊት ያሉት ሁሉ ለእኔ ቅድሚያ ሰጡኝ።»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ዶኛ ዲሊያ አልሳቀችም፤ ወንበር አመጣችለት። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ፕላስቲኩን በቢላ ቀደደች።

«ዶኛ፣ እውነቱን ይንገሩን፣ ይሄኛው ከየት ነው?» አላት ሬጉሎ። ሬጉሎ ከሾፌሮቹ ሁሉ ተጠራጣሪው ነው፤ ዳቦ ሲገዛ እንኳ ያሸታል።

«ይዞ የመጣውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ እሱ ከየት እንዳመጣው አላውቅም» አለች። «እኔም እንደናንተ ከውጭ ነው የማየው ልጄ።»

ኔሪዮ ፊልትሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ያይ ጀመር። በሽታው ከመላ አካሉ ሥጋውን ወስዶታል፤ እጆቹ ግን እነዚያው ነበሩ፣ ሰፋፊ፣ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ዘይት የማይለቃቸው። ጎማውን ጫን፣ ጥርሱን ዳሰስ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዞር፣ መዘን፣ ነቅነቅ። ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ ወደ መሀል ተመልሶ አንዱን አነሳና ቶሎ አላስቀመጠውም። አውራ ጣቱ በጎማው ቀለበት ላይ ሁለት ጊዜ ዞረ።

«ይሄ ነው» አለና ለኤውዶ ሰጠው።

ኤውዶ ጎኑን ዙሪያውን በመጋዝ ቆርጦ ክዳኑን አነሳ። ምኑንም የማላውቀው እኔ እንኳ ማማሩን አየሁ። ወረቀቱ እንደ አዲስ ቀሚስ ሽንሽን በእኩል ታጥፎ፣ ጫፉ በብረት ተይዞ፣ ከሥሩ ለስላሳ ቀይ ጎማ አለው፤ ጠንካራ ሞላም አለው። ሬጉሎ ጠጋ ብሎ አሸተተውና «እኔ እንኳ የምለው የለኝም» አለ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። የቀሩትን ተከፋፈሉ፤ ለኔሪዮ፣ ስለታመመ፣ አንድ መጠባበቂያ ጨመሩለት። ሟቹን ደግሞ ዶኛ ዲሊያ በጋዜጣ ጠቅልላ «ለማስታወሻ» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

በማግሥቱ ግቢያችን ውስጥ ካርቶን አንጥፌ ከመኪናው ሥር ገባሁ። እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዝዘኛል።

«ዘይት እስከ ግማሹ ሙዪው። ጎማውን በጣትሽ ዘይት ቀቢው። አሁን በእጅሽ እሰሪው። በእጅሽ ብቻ! ቁልፉን አስቀምጪ አልኩሽ!»

«ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለህ? ከሥር ነኝ እኮ።»

«ቁልፉ መሬት ሲለቅ ሰማሁት።»

ወጥቼ ሞተሩን አስነሳሁ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። የወጣውን አሮጌ ፊልትሮ ዘይቱን አንጠፍጥፎ አጥሩ ላይ ደፋው፤ እሱ ምንም ነገር አይጥልም። ለምሳ የተጠበሰ ሙዝ ከአይብ ጋር በላ። ከታመመ ወዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ ሆስፒታል ተኛ። እኔ ጠዋት ጠዋት መስመሩን እየሠራሁ ከሰዓት እሱ ጋ እሄድ ነበር። ቀይዋ መብራት ጠዋት ስትበራ ቆይታ ነበር የምትጠፋው፤ ግን ትጠፋ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ በረንዳው ላይ አደረ፣ ሙቀቱ ስለሚብስበት። ጠዋት መኪናዋን አስነሳሁ።

«አጥፊው!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አጠፋሁት።

«ቆይ። አሁን ደግመሽ አስነሺው፣ ነዳጅ አትስጪው። መብራቷስ?»

«በርታለች… በርታለች… ጠፋች።»

በዚያ መሀል እኔም ሰማሁት። በባዶ ድስት ውስጥ ማንኪያ የሚመታ ይመስላል፤ ታክ፣ ታክ፣ ታክ። ኔሪዮ ከመረብ አልጋው ለመነሳት ሞክሮ አቃተው። እዚያው እንዳለ ሁለት እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ «ኤውዶን ጥሪልኝ» አለ። «መጋዙን ይዞ ይምጣ።»

ኤውዶ መጠባበቂያውን ፊልትሮ በረንዳው ላይ ቆረጠው። ውስጡ የጥቅል ካርቶን ነበር፤ ሽንሽኑ አልፎ አልፎ፣ ሙጫው የለቀቀ። ጎማ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ በመቀስ የተቆረጠ ጥቁር ነገር፣ ደርቆ እንደ ቅርፊት የሆነ። ኤውዶ ያንን አስቀምጦ ከመኪናው ሥር ገባና የታሰረውንም አውጥቶ ቆረጠው። ያም ያው ነው፤ የዚያኛው ወረቀት እንዲያውም ግማሹ የለም። ከዘይቱ ጋር ወደ ሞተሩ ሄዷል።

ኔሪዮ የተቆረጠውን ተቀብሎ ብዙ አገላበጠው። ከዚያ «ሌሎቹን አስጠንቅቃቸው፣ ሩጥ» አለው።

ኤውዶ ታክሲ ተራው ድረስ ሮጠ። እሱና ሌሎቹ የራሳቸውን ገና አላሰሩም ነበር፤ ሬጉሎ ብቻ በዚያው ሳምንት አስሮ ነበር፤ እሱን ደረሱለት። ሁሉም የየራሳቸውን ተራ በተራ ቆረጡ። አንድም የዳነ የለም። ከካርቶኑ ሁሉ እውነተኛው ያ ዶኛ ዲሊያ ባንኮኒ ላይ የተቆረጠው ብቻ ነበር። አንድ ጥሩ እንዴት እዚያ መሀል እንደገባ ማንም የሚያውቅ የለም። ዶኛ ዲሊያ ሻጩን ፈልጋ አጣችው፤ ቤታችን መጥታ በር ላይ ቆማ አለቀሰች፣ ግቢ ብንላትም አልገባችም።

ይሄን ለኔሪዮ ላለመንገር ከኤውዶ ጋር ተስማማን።

የፎርዱን የዘይት ትሪ ሲከፍቱት ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጭ ነበር። ብሮንዚኖቹ ተበልተዋል። ኤውዶ ትሪውን መልሶ ገጠመና እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ፤ ከጠራም በኋላ ይጠርግ ነበር።

«ምን እንበለው?» አለኝ።

«አጥበነው አሮጌውን ፊልትሮ መልሰን አሰርንበት እንበለው። ሠራ እንበለው።»

«ጠዋት ድምፁን ይጠብቃል እኮ።»

እውነቱን ነው። ኔሪዮ በዚያ ሳምንት ወደ ጓዳው አልጋ ገብቷል፤ ደጁን አያይም፣ ግን ይሰማል። የሚኖረው በጆሮው ነበር ማለት ይቻላል። የኤውዶም መኪና ፎርድ ነው፣ የእኛው ዓይነት፣ ሞተሩም ያው። ስለዚህ ኤውዶ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አጥፍቶ እያንሸራተተ እስከ በራችን ያመጣዋል። እኔ ኔሪዮን ስሜው እወጣለሁ፣ እንዲሰማው የእኛን ፎርድ በር ዘግቼ የኤውዶን መኪና አስነሳለሁ። እስከ ምሳ በእሱ መኪና እሠራለሁ፣ ከሰዓት እሱ ይሠራል። የማገኘውን አምጥቼ ኔሪዮ ራስጌ አስቀምጣለሁ። «ሄደች እንዴ?» ይለኛል፤ «እንደ ቅቤ» እለዋለሁ። ዓይኑን ይጨፍናል።

እንደዚህ ሰነበትን። ኤውዶ «በሕይወቴ ከሠራሁት ሌብነት ሁሉ ይሄ ነው የሚጣፍጠው» ይል ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባ ሳጎርሰው እጄን ያዘኝ።

«ኤውዶን ንገሪው፣ አንዱ ካንዴላው እሳት መስጠቱን ይዘላል። ካልቀየረው ነዳጅ ይበላበታል።»

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። «የኤውዶ ምኑ?»

«ኦማይራ፣ የራሴን ሞተር ከአበልጄ ሞተር የማልለይ መሰለሽ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ደስ ብሏችሁ ነበራ።»

ሾርባውን አስቀመጥኩት። እሱም ሌላ አልፈለገም። «የሌሎቹስ ፊልትሮ?» አለኝ።

«ደህና ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ውሸት አይሆንልሽም።»

«ሁሉም ያው ነበር።»

«ሁሉም?»

«ከቆረጥነው በቀር።»

ቀኝ እጁን ከአንሶላው አውጥቶ አየው፣ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ።

«አልተሳሳተም እኮ» አለ። «ምርጡን ስጠኝ አልኩት፤ ምርጡን ሰጠኝ።»

ፈገግ ሊል ሞከረ። ከዚያ እጁን መልሶ አንሶላው ሥር ከተተው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መኪና ያነሳው ነገር የለም። ምሳ ሰዓት ስገባም «ሄደች እንዴ?» አይለኝም፤ ኤውዶም ማንሸራተቱን ትቶ እንደማንኛውም ሰው እያጓራ ይመጣ ጀመር። ካንዴላውን ግን ቀየረ።

ኔሪዮ የሞተው የቺኪንኪራ እመቤታችን በዓል ሰሞን ነው። ውጭ ርችት ይተኮሳል፣ ሰዉ ይዘፍናል። አጠገቡ ተቀምጬ ርችቱ ያስደነግጠው እንደሆነ አያለሁ፤ አያስደነግጠውም ነበር። ቀብሩ ላይ ሾፌሮቹ ሁሉ መኪናቸውን ይዘው መጡ። የእኛ ፎርድ ብቻ ቀረ። ሰዎች «ያቺን መኪና ሽጪያት» ይሉኛል፤ ማን ይገዛታል? ኮፈኗ ላይ አንድ ትልቅ ኢጓና ፀሐይ መሞቅ ለምዷል። ሳባርረው ወርዶ ጎማው ሥር ይቆምና ዞር ስል ተመልሶ ይወጣል።

አሁንም በኤውዶ መኪና ነው የምሠራው፣ እስከ ምሳ። ባለፈው የእሷም ዘይት መቀየሪያ ደረሰ። ዶኛ ዲሊያ ከሌላ ሰው አዲስ ካርቶን አምጥታለች ተባለና ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ፤ እኔም ሄድኩ። ፕላስቲኩ ከተቀደደ በኋላ ማንም እጁን አልዘረጋም። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ታዩኛላችሁ?»

«ሟቹን ምረጪልን» አለ ሬጉሎ።

«ከናንተ ሁሉ ኋላ የመጣሁት እኮ እኔ ነኝ። አንተ አለህ አይደል የቆየኸው?»

«እኔ ማሽተት እንጂ መዳሰስ አልችልበትም። አንቺን ያስተማረሽ እሱ ነው።»

ተጠጋሁ። ጎማውን ጫን፣ ጥርሱን ዳሰስ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዞር። ያስተማረኝን አልዘለልኩም። አንዱ እጄ ላይ ከሌሎቹ ለየት አለብኝ፤ ረጋ ያለ ነው፣ ጎማው ጫን ስለው ጣቴን ይመልሳል። ያዝኩትና ቆምኩ። የጣመኝ ይሄ ነው። ይሄ ብቻ ጥሩ ቢሆንስ? ያልጣመኝን ብሰጥና መጥፎ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ካርቶኑ በሙሉ ይመለሳል፣ ይሄም አብሮ ይሄዳል። ቀና ብዬ ሳያቸው ሁሉም ይሄንኑ እያሰቡ እንደሆነ ከፊታቸው አወቅኩ።

«ዓይንሽን ጨፍነሽ አንሺ» አለ ኤውዶ።

«ወይ ዶሮ እናምጣ፣ የጠቆመችውን እንቆርጣለን» አለ ሬጉሎ።

«ሁሉንም ብንቆርጥስ? ያኔ በእርግጠኝነት እናውቃለን» አለ አንዱ ሾፌር።

«አዎ፣ ሁሉንም አውቀን በእግራችን ወደ ቤት» አለው ኤውዶ።

ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ዶኛ ዲሊያ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ውጭ አንድ ተሳፋሪ «ሎስ አቲኮስ የሚሄድ የለም?» እያለ ይጮኻል።

ፊልትሮው እጄ ላይ ሞቆ ነበር። ሌላ መንገድ ቢኖር ኔሪዮ ይነግረኝ ነበር። ያን ሁሉ ወር በጓዳ ተኝቶ ስለ ሌላ ነገር አላሰበም ብዬ ነው የማምነው፤ ግን ምንም አላለኝም።

ለኤውዶ ሰጠሁት። መጋዙን ጎኑ ላይ አስደግፎ አየኝ።

«እርግጠኛ ነሽ አበልጄ?»

«አይደለሁም» አልኩት። «ቁረጠው።»